የማን ልጅ ነሽ እንዳልል

እና እናንተ ሰዎች፣ እዚህ ያላችሁም የሌላችሁም፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፍሽው እንሽላሊትም ጭምር፣ እስቲ ስሙኝ፣ አላስረዝምም፣ ባጃጇ ከአስፋልቱ ታጥፋ እስክትደርስ ብቻ ነው፣ ደግሞ በሆዴ ነው የማወራው፣ የሆድ ወሬ ማንም አያቋርጠውም፣ አስረሳሽ እንኳ አታቋርጠውም፣ ሚስቴ ናት፣ ያቻትና ማድቤቱ በር ላይ ማማሰያ ይዛ ቆማለች፣ ወጡን አይደለም የምትጠብቀው፣ አፌን ነው።

ዛሬ አንዲት ነገር ከአፌ እንዳትወጣ። አንዲት። የማን ልጅ ነሽ።

ራያ ላይ ተወልዶ የማን ልጅ ነሽ ሳይሉ እንግዳ መቀበል፣ ሞክሩትማ፣ ማስነጠስን አፍኖ እንደመያዝ ነው፣ አፍንጫ ይበላል፣ ዓይን ያለቅሳል፣ ሆድ ይነፋል፣ ሰው በጥያቄ ይሞታል ወይ ብትሉኝ ዛሬ ማታ እነግራችኋለሁ።

ሦስቱን የኪራይ ክፍሎች የሠራሁት ሁለቱን በሬዎቼን ሸጬ ነው፣ ቆቦ በሞላው ሳቀብኝ፣ አራጌ በሬ ሸጦ አልጋ ገዛ፣ ሊያርስ ነው ሊተኛ አሉ፣ ሁለቱንም አልኳቸው፣ ተኝቼ ላርስ። ሐሳቤ ቀላል ነው፣ ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለነሐሴው የልጃገረዶች ጨዋታ ለሶለል ከሩቅ የሚመጣ ሰው ከነልጆቹ ጥቂት ቀን የሚያርፍበት ግቢ፣ ከነማድቤቱ፣ ከነሻወሩ፣ ጓሮ ብረት ላይ የቆመ የውሃ ሮቶ፣ በየክፍሉ ቬንትሌተር፣ ሙቀታችንን ታውቁታላችሁ፣ ቀትር ላይ ዶሮ እንኳ ክንፏን ከፈት አድርጋ ነው የምትሄደው፣ እንደ እመቤት።

እንግዳም መጣ። መምጣቱንማ መጣ። የመጀመሪያው ዳዊት ነው፣ ከደሴ ለሶለል የመጣ፣ ቁልፉን ሰጠሁትና እንዲያው ለወጉ ያህል የማን ልጅ ነህ አልኩት፣ ጎብዬ ያለችው የአክስቴ የደመቀች የልጅ ልጅ ሆኖ ቁጭ አለ፣ ከዘመድ ብር ይወሰዳል እንዴ፣ በዓሉን በነጻ ከርሞ ሲሄድ ዶሮ ይዞ ሄደ፣ እግሯን ያሰርኩለት እኔው ነኝ። ቀጥሎ ከወልዲያ ባልና ሚስት መጡ፣ እኔ ጸጥ፣ አስረሳሽ ናት የጠየቀችው፣ ሴትዮዋ የክርስትና እናቷ የእህት ልጅ ሆና ተገኘች፣ ተቃቅፈው ተላቀሱ፣ ታዲያ ኪራዩስ ብላት እሱ ሌላ ነው አለች፣ እንዴት ሌላ ነው፣ ሌላ ነዋ። ሦስተኛው የአርባ ምንጭ ሰው ነው፣ የአርባ ምንጭ! ይሄስ በምን መንገድ ይዛመደኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ጠየቅሁት፣ ዘራችን አልገጠመም፣ ዝም ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም፣ ሳነሳ ስጥል አባቱና አጎቴ ውትድርና ላይ አንድ ድንኳን ያደሩ ሆኑ፣ ከአጎቴ ጋር አንድ ድንኳን ያደረ ሰው ልጅ እኔ ቤት ከፍሎ ይደር? በየትኛው አፌ።

ስለዚህ አስረሳሽ ቁርጡን ነገረችኝ። ስማ አንተ ሰውዬ፣ ወንድሜ ይርጋ ሽንኩርቱን የሚያኖርበት አጥቶ እየበሰበሰበት ነው፣ የዛሬዋም እንግዳ በነጻ ካደረች ሰኞ አልጋዎቹ ይወጣሉ፣ ሽንኩርቱ ይገባል፣ ሽንኩርት ቢያንስ ዘመድ አይሆንህም። እውነቷን ነው፣ ሽንኩርትን የማን ልጅ ነህ አይሉትም፣ ግን አልጋዎቼን ከደሴ ድረስ አይሱዙ ላይ አቅፌያቸው የመጣሁ እኔ፣ ግድግዳውን ሰማያዊ የቀባሁ እኔ፣ ቀለም ፂሜ ላይ ደርቆ ሰው ሁሉ እየዞረ ያየኝ፣ ሽንኩርት ሰማያዊ ግድግዳ ምን ያደርግለታል፣ ቬንትሌተሩንስ።

ያቻት። አቧራዋ መጣ፣ ባጃጇ ከኋላ። እንግዳዋ ሀናን ትባላለች፣ ከጂዳ ነው የደወለችው፣ ለአረፋ ከባሌና ከልጄ ጋር እመጣለሁ፣ ቤቱን በሙሉ ያዙልኝ አለች፣ ስልኬን ከማን አገኘሽው ልላት ነበር፣ ዋጥኩት፣ እሱም ያው ጥያቄው ነው፣ ልብስ ቀይሮ።

ወረደች፣ ሕፃን ታቅፋለች፣ ከኋላዋ ባልዋ ነጅሙዲን፣ ረጅም ሰው፣ ሻንጣ ተደግፎ ቆሞ የሚያንቀላፋ፣ መንገድ የገደለው፣ አሰላሙ አለይኩም አያ አራጌ አለች፣ ወአለይኩም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ እና ሳቀች።

ወየው። ሳቁን። መጀመሪያ በአፍንጫ ፍንን ብሎ ኋላ ግቢውን የሚሞላ፣ የሀስና ሳቅ ነው፣ የአባቴ እህት ሀስና፣ ዋጃ ተድራ የሄደች፣ አላህ ይርሀማት፣ ስትስቅ ውሻ ይጮህ ነበር፣ አባቴ ደጀን ክርስቲያን፣ እሷ ሙስሊም፣ አባታቸው አሊ አንድ፣ ፋሲካንም አረፋንም በአንድ ሆድ ስንበላ ነው ያደግነው፣ እና ያ ሳቅ እዚህ ደጄ ላይ ሻንጣ ይዞ ቆሟል።

ዝም በል አራጌ። ስለ ውሃ አውራ።

ውሃው ጠዋት ጠዋት ይሞላል፣ ሻወሩ ቀዝቃዛ ነው እላችኋለሁ እንጂ ቆቦ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የለም፣ ደግማ ሳቀች፣ በፈጠረሽ አትሳቂ፣ ቬንትሌተሩ በዚህ ይዞራል፣ ለመሆኑ ሙቀቱ ጂዳ ይብሳል ወይስ እዚህ አልኳት፣ ጂዳ ይብሳል፣ ግን እኔ ያደግሁት ዋጃ ነው ሙቀት አይበግረኝም። ዋጃ አለች። ሰምታችኋል፣ ዋጃ። የዋጃ የእነማን፣ ምላሴን ነከስኩት፣ ለወሬ አይደለም የምለው፣ ነከስኩት፣ አመመኝ፣ አስረሳሽ ከማድቤት ማማሰያውን ከፍ አደረገች፣ አየሁሽ፣ ምንም አላልኩም እኮ፣ አልጋው የስፖንጅ ነው፣ ትራሱ የስፖንጅ ነው፣ እኔም ስፖንጅ ነኝ፣ ምን እያልኩ ነው።

ይሄኔ ነጅሙዲን ነቃ። ቆሞ ሲያንቀላፋ የነበረው። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና፣ ለመሆኑ አያ አራጌ፣ አንቱስ የማን ልጅ ነዎት?

አይ ነጅሙዲን። ተኝተህ አትቀርም ነበር።

ሰማያዊው ግድግዳ፣ ሽንኩርቱ፣ ሰኞ፣ ይርጋ በአህያ እየጫነ ሲገባ፣ በሬዎቼ፣ እናንተ ሊያርስ ነው ሊተኛ ያላችሁኝ ሁሉ፣ በአንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ገቡና አፌ ብቻውን ተከፈተ፣ የማንም አይደለሁም አለ።

የማንም። እኔ። አባቴ ማሽላ ስንጠብቅ ማማ ላይ ከጎኑ አስቀምጦ፣ ወንጭፉን በአንድ እጁ፣ እኔን በአንድ እጁ ይዞ ዘሬን ሰባት ቤት ያስቆጠረኝ፣ ስሳሳት ከሀ ጀምር የሚለኝ፣ ወፉ ማሽላውን እስኪጨርሰው፣ ያንን ሰው ለስፖንጅ ካድኩት፣ እንሽላሊቷ እንኳ ወደ ጣሪያው ሸሸች።

እንዴት ነው የማንም! ይሄ ድምፅ የኔ አይደለም። አስረሳሽ ናት፣ ግቢውን አቋርጣ መጣች፣ ከማማሰያው ወጥ እየተንጠባጠበ፣ የደጀን አሊ ልጅ ነው! አንተ ምን ነካህ፣ አባቱን የካደ ሰው እኔ አጠገብ አይተኛም! የደጀን አሊ ልጅ ነው እቴ፣ ያ የመሰለ ሰው ልጅ!

እሷው ራሷ። አፌን ስትጠብቅ የዋለችው።

ሀናን ሳቀች፣ አሁን እንኳ አልከለከልኳትም፣ አውቃለሁ እኮ አለች፣ ከጂዳ ስደውልም አውቄ ነው፣ የሀስና የልጅ ልጅ ነኝ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ሕፃኑን ከነእናቱ አቀፍኩ፣ ሕፃኑ ጆሮዬን ያዘ፣ አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ የሀስና ልጅ ልጅ ቤቴ ገባች፣ ይግረማችሁ፣ በትከሻዋ በኩል አስረሳሽን አየኋት፣ አፏን በእጇ ይዛለች፣ ሽንኩርቱ ኩንታል በኩንታል በፊቷ ሲያልፍ አየሁት።

ሀናን ብር አወጣች። ሂጂ አልኳት፣ ሀስናን ይዤሻለሁ መልሺው፣ ከሀስና ልጅ ልጅ ብር ልቀበል፣ እጄ ይቆረጥ። አያ አራጌ፣ ስሙኝ አለች፣ ባለፈው ስንመጣ ዋጃ እናቴ ቤት ብናድር ሮቢት ያሉት የባሌ ዘመዶች አኮረፉ፣ ሮቢት ብንሄድ ጎብዬ ያሉት አኮረፉ፣ የትም ብናርፍ ቤቱ ሰው ሞልቶ ያድራል፣ ሰላምታው ሌሊቱን አያልቅም፣ ለልጄ ጡት እየሰጠሁ እንኳ ስለ አረብ አገር አውሪን ይሉኛል፣ ነጅሙዲን ታሞ ነው የተመለሰው፣ አሁን ግን ከፍለን ተከራይተናል ካልን የሚያኮርፍ የለም፣ ቀን ቀን ሁሉንም እንጠይቃለን፣ ማታ እንተኛለን፣ ካልተቀበሉኝ እንግዲህ ተመልሼ ዋጃ ነኝ።

አስረሳሽ ማማሰያውን ለእኔ አስያዘችኝና ብሩን ተቀበለች። እሱ ሌላ ነው፣ አለችኝ።

እና እኔ እዚህ ማማሰያ ይዤ ቆሜ፣ ወጥ በክንዴ እየወረደ፣ ዓለም በራልኝ፣ ከጂዳ ይምጣ፣ ከሪያድ፣ ከአዲስ አበባ፣ የራያ ሰው ሁሉ ዘመድ የበዛበት ነው፣ የትም ይሂድ እንቅልፍ የለውም፣ እኔ ሞኙ የዘመድ ብዛት አከሰረኝ እላለሁ፣ ገበያዬ እሱ ሆኖ ሳለ፣ ከእንግዲህ እጠይቃለሁ፣ ጮክ ብዬ እጠይቃለሁ፣ የማን ልጅ ነሽ፣ ስንት አጎት አለሽ፣ ሰባት? ግቢ እናቴ ግቢ፣ ለአንቺማ ሦስቱንም ክፍል፣ ይርጋም ለሽንኩርቱ ሌላ ሞኝ ይፈልግ፣ ኧረ አራተኛ ክፍል ሁሉ እሠራለሁ፣ እሱን ደግሞ አረንጓዴ።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ፣ አስረሳሽም ትይዩዬ ቁጭ አለች፣ ነጅሙዲን ከነጫማው ተዘርሯል፣ ያንኮራፋል፣ በል ተኛ ወንድሜ፣ እንግዲህ ንገሪኝ አልኩ፣ የሀስና ትልቁ ልጅ ዋጃ ነው ወይስ አላማጣ ገባ፣ የእናትሽ ወገብ እንዴት ሆነ፣ ያ ግመል የረገጠው አጎትሽስ፣ አስረሳሽም አገባ እንዴ አለች፣ ገና ከታላቁ ጀምረን ወደ ታች እየወረድን ነው፣ ሀናን የተኛውን ልጅ ታቅፋ መሐላችን ቆማለች፣ አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ አስረሳሽን፣ አያ አራጌ፣ አለችኝ፣ ብሩን የከፈልኩት እኮ አንቱ እንዲወጡልኝ ነው።