ከሣሩ ሥር ያለው ክብ

«ይትባረክ ፍርስራሹን አግኝቶታል» አለ መምህር ኃይለ ገብርኤል። «የጥንት ግንብ ነው፤ ከመሄዱ በፊት የሳተላይት ፎቶውን በስልኩ አሳይቶኛል። ቦታውን ነው የደበቀኝ።»

«ምንም አላገኘም» አሉ ዓሣ አስጋሪው ጋሽ መስዑድ። «በጀልባዬ ወስጄው የለ? አይቶ ተመለሰ።»

ወንጌላዊት የለቅሶው ድንኳን ውስጥ በሁለቱ መካከል ተቀምጣለች። ባሏ ይትባረክ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ማልቀሱም፣ «እግዜር ያጽናሽ» ለሚላት ሁሉ አንገት መድፋቱም አድክሟታል።

ይትባረክ ጂኦግራፊ አስተምሮ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ላይ ይደፋ ነበር፤ የጣናን ዳር በሳተላይት ፎቶ ስንዝር በስንዝር ሲፈትሽ ስድስት ዓመት። አንዴ መምህራኑን ሰብስቦ መሸንቲ ድረስ ወሰዳቸው። ከሰማይ ቤተ መቅደስ የመሰለው ክብ የገበሬ አውድማ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ስሙ «መምህር አውድማ» ሆኖ ቀረ።

ዘንድሮ በበጋው ሐይቁ ዳር ሌላ ክብ አየ፤ ሣሩ ከዙሪያው ቀድሞ የሚደርቅበት። ፎቶውን አትሞ፣ በቀይ እስክሪብቶ አክብቦ፣ ከጋሽ መስዑድ ጋር ሄደ። ሲመለስ ወረቀቱን ዳዊቱ ውስጥ ከቶ ዝም አለ።

«ነገ ከቅርስ ቢሮ ሰዎች ይመጣሉ» አለ ኃይለ ገብርኤል። «ቦታውን ካወቅሽ ንገሪኝ፣ እህቴ። በስሙ ይመዝገብለት። ያ ቅጽል ስምም አብሮት ይቀበር።»

ጋሽ መስዑድን ወደ ጓዳ ጠራቻቸው።

«እውነቱን ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፉ። «ግንቡስ አለ። ጥርብ ድንጋዩ ከሣሩ ሥር ብቅ ብቅ ብሏል። ግን ልጄ፣ በላዩ የኛ መቃብር ነው። አባቴም፣ ልጄ ዘሀራም እዚያ ናቸው። ሊቆፈሩ ነው ብዬ አለቀስሁ። ይትባረክ ጫማውን አወለቀና ‹እኔ ምንም አላየሁም› አለኝ።»

«ስድስት ዓመት የለፋበትን?»

«እኔም እንዲያ አልሁት። ‹አውድማ መባሉን ለምጀዋለሁ› ብሎ ሳቀ።»

ወንጌላዊት እጇን አየች። የባሏ መቃብር አፈር ከጥፍሯ ሥር ገና አልወጣም።

ወረቀቱን ከዳዊቱ አውጥታ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። ከኋላ አንዷ «የመምህር አውድማ ሚስት» ብላ ስታንሾካሹክ ሰማች። ኃይለ ገብርኤል ደብተሩን ገልጦ ይጠብቃል። ወረቀቱን ለአራት አጥፋ፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችና አጠበቀችው።

«አትልፉ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ያም አውድማ ነበር።»