ያልተለበሰው ከል

በደልን በዝምታ የሸፈነ ሕዝብ በዳዩን መልሶ በራሱ ላይ ይሾመዋል። ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ያለው ሰፈር ይህን እውነት የተማረው በወይዘሮ ደብሪቱ ለቅሶ ላይ ነው።

ቀብሩ በተፈጸመ ማግስት፣ ከሟቿ ልጆች በሕይወት የቀረችው እንቁ ከድንኳኑ ጥግ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። ንፍሮ ይዞራል፤ ለቀስተኛው «እግዜር ያጥናሽ» እያለ ይገባል። ከሴቶቹ ወገን ግን ሹክሹክታ አልጠፋም።

«ሄደሽ አየሽው?»

«አየሁት። ጥቁር ቀሚስ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ማዳመጫውን ጆሮሽ ላይ ስታደርጊ ራሳቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው የሚናገሩት። ስም ሳይቀር ጠርተዋል።»

«ቀስ በይ፤ ሰውዬው እዚሁ ተቀምጧል።»

የሚወራው ማዶ ካለው ሕንፃ ሥር ስለተከፈተው፣ ከተማይቱ በደርግ ዘመን ያየችውን ግፍ ስለሚያሳየው ዐውደ ርእይ ነበር። ሰውዬው ደግሞ የእድሩ ዳኛ አቶ ተስፉ ነበሩ።

እንቁ ያን ዘመን ሕፃን ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ኢያሱ «ወረቀት በትኗል» ተብሎ ከደጃፍ ተወስዶ ተገደለ። እናቷ ከል አስነክረው ቀሚስ አሰፉ፤ ጎረቤትም ዳስ ጣለ። ወዲያው የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ጎረምሳው ተስፉ፣ ጠመንጃ አንግቶ መጣ። «ለፀረ አብዮት አይለቀስም» ብሎ ዳሱን አስፈረሰ። ወይዘሮ ደብሪቱ ከሉን ሳይለብሱ አጥፈው ከሣጥን ከተቱት፤ በማግስቱም ነጭ ለብሰው፣ እንባቸውን ውጠው ገበያ ወጡ።

ሥርዓቱ ወደቀ፤ ተስፉ ግን አልወደቀም። አንደበተ ርቱዕ ነበርና ዓመታት ሲያልፉ እድሩ ዳኛ አደረገው። የሚያውቁት ሁሉ ዝም አሉ። እንቁ «ለምን አትናገሪም?» ብላ ስትቆጣ፣ እናቷ «አንቺ ቀርተሽኛል» ይሏት ነበር። የዐውደ ርእዩ ሰዎች በመጡ ጊዜ ግን፣ ታመው ከተኙበት ቀና ብለው ሁሉንም ተናገሩ፤ ያልለበሱትንም ከል ከሣጥን አስወጥተው ሰጧቸው።

አቶ ተስፉ ወደ እንቁ ተጠጉ።

«ልጄ፣ የእናትሽን ድምፅ ከዚያ አስነሺልን። ያለፈ ነገር ሰፈር ይበጠብጣል።»

«ሲናገሩ አጠገባቸው ነበርሁ፣ ጋሼ። አላስነሣም።»

«እንግዲያው ድንኳን ከማን ትጠብቂያለሽ?»

«ከእድሩ።»

ሰውዬው ተነሥተው ወደ ወጣቶቹ ዞሩ። «ድንኳኑ ለሌላ ለቅሶ ይፈለጋል። ፍቱት።»

ሠልስት ገና አልወጣም ነበር። የሰፈሩ ነባር ባላገር ኦቦ ቀጀላ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ጠየቁ።

«የማን ለቅሶ? ጥሩንባ አልሰማንም። ሟቹ ላንተ ብቻ ነግሮህ ነው የሞተው?»

አንዳንዱ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ።

«ትእዛዝ ነው ያልሁት» አሉ አቶ ተስፉ።

ሳቁ ተቋረጠ። ሽማግሌዎቹ ያን ድምፅ ያውቁታል። ኦቦ ቀጀላ ተነሥተው ምሰሶውን ያዙ።

«ያን ጊዜ ጠመንጃ ነበረህ። ዛሬ ምን ይዘሃል?»

ሌሎችም አንድ በአንድ ተነሥተው ገመዶቹን ጨበጡ። ድንኳኑ እስከ ሠልስት ቆመ።

በተከታዩ እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። አንዱ ቁጡ «ስሙ ይሰረዝ፤ ሲሞትም ድንኳን አይተከልለት» አለ። እንቁ ተነሣች።

«ይህማ የእሳቸው ሕግ ነው። ለማንም ሰው ለቅሶ አይከልከል። ሥልጣኑን ብቻ ውሰዱ።»

ጸሓፊው ለድምፅ ስም ሲጠራ በልማድ «ወይዘሮ ደብሪቱ» አለና ደንግጦ አቀረቀረ። እንቁ በእናቷ ፈንታ እጇን አነሣች። ቆጠራው አልቆ ሰው ሁሉ እጁን ሲያወርድ የእርሷ በአየር ላይ ቀረ፤ ኦቦ ቀጀላ በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው አወረዱላት።

አቶ ተስፉ ከዳኝነታቸው ተሻሩ፤ ዕድሜ ልካቸውንም በእድሩ ሹመት እንዳይዙ ተፈረደባቸው።