የግራው መቃን

ብሎን የሚለውን ስም ያወጡለት ጋራዥ ውስጥ ነው። አጭርና ድፍን፣ አንዴ ከያዘ የማይለቅ ሰው ስለሆነ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሌላ ስም የጠራው የለም፤ ከእህቱ በቀር። እህቱ ደስ ሲላት «ወንድሜ» ትለዋለች፤ ስትቆጣ «አንተ ልጅ»። ዛሬ ጠዋት የሽርሽሩ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ወዲህ ሦስት ጊዜ «አንተ ልጅ» ተብሏል።

«አንተ ልጅ፣ ሞተሩን ማዳመጥ ትተህ ወንዙን አታይም?»

«እታለም፣ ማርሹ ሲገባ ይንገጫገጫል። አይሰማሽም?»

«ይንገጫገጭ። ጡረታ ወጥተሃል።»

እሷ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ስለኖረች፣ የትም ትሂድ የትም ሜትሯና የልብስ ጠመኔዋ ከቦርሳዋ አይለዩም። ወደ ወንዝ ዳሩ ጥንታዊ መንደር የሚወስደውን የአንድ ቀን ጉዞ ሁለት ቲኬት የቆረጠችው እሷ ናት። «ጉልበቴ ሳይከዳኝ አንድ ነገር ላሳይህ» ብላ ለምና፣ ተቆጥታ፣ አኩርፋ በመጨረሻ አሸነፈችው።

ምን ልታሳየው እንደሆነ ብሎን ያውቃል። ሁለቱም የተወለዱት በዚያ መንደር፣ ጀልባ ቀዛፊ በነበረው አባታቸው ቤት ነው። እናታቸው እሱን ስትወልድ ሞተች። አባታቸው ሕፃኑን ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከተማ ለምትኖረው አክስታቸው ሰጠው፤ የዘጠኝ ዓመቷን ልጅ ግን አጠገቡ አስቀረ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ልጁን ሊያይ አንድም ቀን አልመጣም። ብሎን አምስት ዓመት ሲሆነው አባትየው ደረቱን ታሞ ሞተ፤ እህቱም ያን ጊዜ ጠቅልላ አክስታቸው ቤት ገባች። ብሎን ከዚህ ሁሉ የተረዳው አንድ ነገር ነው። አባቱ ሚስቱን ያሳጣውን ልጅ ዓይን ማየት አልፈለገም።

«ተሳስተሃል» ትለዋለች እህቱ። «አክስታችን ልትወስድህ ስትል ለክቶሃል። እኔን በየዓመቱ በሚለካበት በር፣ መቃኑ ላይ በሰንጢ ምልክት አድርጎልሃል። አቁሜ የያዝኩህ እኔ ነኝ። እጄ ላይ ሸንተህብኛል።»

ሽንቱን ያምናታል፤ ምልክቱን ግን አያምናትም። ያላመነበት ምክንያት አንድ ሰማያዊ ሹራብ ነው። አራት ዓመት ሲሆነው እህቱ ከመንደር መጥታ «አባባ ልኮልህ ነው» ብላ የሰጠችው። እስኪጠበው ለበሰው፤ ከጠበበውም በኋላ ትራሱ ሥር አድርጎ ተኛበት። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው አክስቱ ሳታስበው «እህትህ እኮ ያንን ሹራብ ስትሠራ ጣቷ እንዴት ቆስሎ እንደነበር» አለች። ማወቁን ለእህቱ አልነገራትም። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ አባቱ የምትነግረው ደግ ነገር ሁሉ እንደ ሹራቡ ሆነበት። ይሞቃል፤ ነገር ግን የእሷ እጅ ሥራ ነው።

አውቶቡሱ ከድልድዩ ወዲህ አራገፋቸው። መንደሩ ድንጋይ የተነጠፈበት አንድ ጠባብ መንገድ ነው። በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላው በኩል ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጉ ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች። እህቱ ክርኑን ይዛ እያነከሰች ታስጎበኘው ጀመር። «እዚህ ጋ ዳቦ ቤት ነበረ። አሁን ፖስት ካርድ ይሸጣሉ። ያቻት ደረጃ ላይ ወድቄ ጥርሴ ወልቋል።» ብሎን ራሱን እየነቀነቀ ተከተላት። ሐሳቡ ግን መቃኑ ላይ ነበር። መቃኑ ባዶ ቢሆንስ? ባዶነቱንስ ለስድሳ ዓመት ለምዶታል፤ ባዶ ሆኖ ሲገኝ የእሷን ፊት ማየት ነው የከበደው።

የቀዛፊው ቤት በር ላይ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ቀጭን ዘንግ የያዘች ወጣት አስጎብኚ ሰዉን ወደ ውስጥ አስገባችና በሩን ከውስጥ በኩል አሳየች።

«በቀኙ መቃን ላይ የምታዩዋቸው ጭረቶች የጎርፍ ምልክቶች ናቸው» አለች። «ቀዛፊው ወንዙ በሞላ ቁጥር ውሃው የደረሰበትን እየጫረ ዓመቱን ይጽፍ ነበር። ልብ በሉ፤ ጎርፉ ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ነው የሄደው።»

እህቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«ምን ሆንሽ?» አላት ብሎን።

«ጎርፍ አደረጉኝ» አለች በሹክሹክታ።

«በግራው መቃን ላይ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው» ቀጠለች አስጎብኚዋ። «ይሄ ከላይ በሁለቱም መቃኖች ላይ ያለው እውቁ ትልቅ ጎርፍ ነው። ታችኛው ግን ምሁራኑን ሁሉ ግራ ያጋባ ነው። የተጻፈበት ዓመት ወንዙ ደርቆ ጀልባዎች አሸዋ ላይ የተቀመጡበት ዓመት ነው። ታዲያ ውሃው ከየት መጥቶ እስከ ጉልበት ደረሰ? እስከ ዛሬ ያወቀ የለም።»

ብሎን መነጽሩን አውጥቶ አጎነበሰ። ዓመቱ መታወቂያው ላይ ያለው የልደቱ ዓመት ነው።

«እኔ አውቃለሁ ልጄ» አለች እህቱ።

ጎብኚዎቹ ጀልባዋ ዘንድ ፎቶ ለመነሳት ሲወጡ አስጎብኚዋን አስቀረቻትና ሁሉንም ነገረቻት። ወጣቷ ዘንጓን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«እና እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ የእርስዎን ቁመት ነው ጎርፍ እያልኩ ሳስጎበኝ የኖርኩት?»

«ረዘም ረዘም ያለ ጎርፍ ነበርኩ» አለች እህቱ። «ይሄ ታችኛው ደግሞ እሱ ነው። ይኸው እዚህ የቆመው።»

ብሎን መነጽሩን አውልቆ ጨበጠ። ዓመቱ ልክ ነው። ግን አባቱ በድርቁም ዓመት ስለ ወንዙ የሚጭረው ነገር አያጣም፤ እህቱ ደግሞ የአስጎብኚዋን እንቆቅልሽ ስትሰማ አፍታም አልቆየች፤ ወዲያው ለእሱ ልክ አድርጋ ሰፋችው።

«ለኪው» አላት።

ሜትሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ተንበረከከችና ጫፉን ወለሉ ላይ በጣቷ ተጫነችው። ቁጥሩን አይታ ሜትሩን ወጥራ አቃናችው። እንደገና ለካችው።

«ስንት ነው?»

«ሠላሳ ሰባት።»

«ሠላሳ ሰባት ሳንቲም» አለ ብሎን። «እንግዲያ ድመት ነው የለካው።»

ሊያስቅ ብሎ ነበር። እህቱ ግን ተንበርክካ እንዳለች ቀና ብላ አየችው። «ተጣጥፈህ ይሆናል... እኔም ልጅ ነበርኩ፤ አስተካክዬ አልያዝኩህ ይሆናል...» አለች። ከቁጥሩ ይልቅ ይሄ አመመው። ዓይኑ እያየ ሌላ ሹራብ ልትጀምርለት ነው። ፊቷን ላለማየት ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ፤ ያኔ ነው የታችኛውን ማጠፊያ ያየው።

አርባ ዓመት ሥራው አልገጥም ያለ ነገር የማይገጥምበትን ቦታ መፈለግ ነበር። የላይኛው ማጠፊያ ከበሩ ጫፍ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ተመትቷል። የታችኛው ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረው። በሩም ከታች በኩል በመጋዝ ተቆርጧል፤ ቁርጡ ከሌላው እንጨት ይልቅ አዲስ ነው።

«ልጄ፣ ይሄን ወለል ከፍ አድርጋችሁታል እንዴ?»

«አዎ፣ አባባ፤ ቤቱ ለጎብኚ ሲከፈት እርጥበት እንዳይገባ ሲሚንቶ ተሞልቶበታል። የድሮው ወለል ለማስታወሻ እንዲቀር፣ እዚያ ጥግ ካለው ትልቅ ሣጥን ኋላ ትንሽ ቦታ ትተዋል።»

ሣጥኑን ብሎንና አስጎብኚዋ ተጋግዘው ገፉት። ከኋላው አዲሱ ወለል እንደ ደረጃ ተቆርጦ፣ ዝቅ ብሎ ያረጀ ድንጋይ ይታያል። እህቱ ሜትሩን ይዛ መጣች። ጫፉን እሱ ያዘላት።

«አሥራ አራት» አለች።

ሦስቱም በልባቸው ደመሩት። ቀድማ የተናገረችው አስጎብኚዋ ናት። «ሃምሳ አንድ» አለች ቀስ ብላ። «የኔ ልጅ ስትወለድ ሃምሳ ነበረች።»

ብሎን ወደ መቃኑ ተመልሶ ቆመ። ክልክሉን ረስቶ አውራ ጣቱን ጭረቱ ላይ አሳረፈ። ለብዙ ዘመን ግሪስ የበላው ጣት ነው፤ ቢሆንም ሰንጢው የገባበትን ጠርዝ ለየው። ጥልቅ ነው። እየተቻኮሉ የተጫረ አይደለም።

«ለምን በግራው?» አለ።

«ቀኙ የኔ ነበራ። ‹ይሄኛው የሱ ይሁን፤ ሲመለስ ከዚህ እንቀጥላለን› አለ።»

ብሎን ቀና ብሎ አየ። ከጭረቱ በላይ እስከ ጎርፉ ምልክት ድረስ መቃኑ ባዶ ነው። አንድ ምስማር እንኳ አልተመታበትም። የቀኙ ላይ ግን ከጭረቶቹ መሀል የመብራት ማንጠልጠያ አለ፣ የቁልፍ ማንጠልጠያ አለ።

«እና ለምን አልመጣም?»

እህቱ አፏን ከፈተች። የተዘጋጀ መልስ እንዳላት፣ ደግ መልስ እንደሚሆን አወቀ። ከዚያ አፏን መልሳ ገጠመችው።

«አላውቅም ወንድሜ» አለች። «እኔም አንድ ቀን ጠይቄዋለሁ። መቅዘፊያውን አንስቶ ወጣ።»

ይህን አመናት። ስለ አባቱ ከነገረችው ሁሉ ከቁም ነገር የቆጠረው የመጀመሪያው ይህ ነበር፤ እሱን ሲያምን ደግሞ ጭረቱም፣ አቁማ መያዟም፣ ‹ከዚህ እንቀጥላለን›ም ተከታትለው ገቡ። ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት።

«በል ጫማህን አውልቅ» አለችው።

«ምን ልሆን?»

«ከዚህ እንቀጥላለን አላለም? ቁም።» ጠመኔዋን ከቦርሳዋ አወጣች።

አስጎብኚዋ ሰሌዳውን አየች፣ ጠመኔውን አየች። «እሱ ይለቃል አይደል?»

«በእርጥብ ጨርቅ።»

«እንግዲያ እኔ መስኮቱን ልዝጋ» አለችና ጀርባዋን ሰጠቻቸው። መስኮቱ ከመጀመሪያውም ዝግ ነበር።

የስድሳ ዓመቱ ሰው በካልሲው ቆሞ ጀርባውን መቃኑ ላይ አስደገፈ። እህቱ መዳፏን አናቱ ላይ ዘርግታ አሳረፈች። «አንገትህን አታስግግ። ትንፋሽህን ልቀቅ።» ጠመኔው ከጆሮው በላይ ሲጭር ሰማው። ዞር ብሎ ሲያይ ነጩ መስመር ካሰበው በላይ ከፍ ብሏል።

«ረዝሜያለሁ» አለ።

«በሲሚንቶው ምክንያት አሥራ አራት ሳንቲም በነፃ ተጨምሮልሃል። አትኩራ።»

ሊወጡ ሲሉ አስጎብኚዋ ተከትላቸው በሩ ላይ ቆመች። «ነገ ለሚመጡት ምን ልበላቸው?»

እህቱ አሰበች። «የኔን ጎርፍ በያቸው፤ ለምጄዋለሁ።»

«ታችኛውን ግን ልጅ ነው በያቸው» አለ ብሎን።

አውቶቡሱ ድልድዩን ሲሻገር ማርሹ እንደ ጠዋቱ ተንገጫገጨ። ብሎን ወንዙን እያየ ነበር። እህቱ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ ወደ እሱ ዞረች።

«ወንድሜ፣ አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ያ ሰማያዊ ሹራብ...»

«አውቃለሁ» አላት።

«ማን ነገረህ?»

«ባይነግሩኝስ?» አለ ክርኗን እየያዘ። «አንደኛው እጅጌ መዳፌን ይሸፍነው ነበር፤ ሌላኛው ክርኔ ላይ አልቆ ነበር።»