ሳሎን ውስጥ የተተከለው ድንኳን

ልብስ ሰፊዋ ካገባች ገና ዓመት አልሞላትም። ባሏን ትወደዋለች፤ አማቷን ግን ትፈራቸዋለች። ሴትዮዋ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ዝምታቸው ነው የሚያስጨንቃት። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። አንዴ ቀና ብለው ካዩት፣ ሰው ሳያስበው ተነስቶ እጁን ይታጠባል።

ስለዚህ ባሏ፣ "የሚመጣው ቅዳሜ ወንዙ ዳር ወዳለው የተራራ ፓርክ ሄደን እናድራለን፤ እማዬም ትመጣለች" ሲላት ክው አለች።

"እሳቸው? ድንኳን ውስጥ?"

"ምን ችግር አለው? ተራራው ጫፍ ላይ ወጥተን ፀሐይ ስትወጣ እናያለን!"

ከጉዞው በፊት ባለው እሁድ ከሰዓት ድንኳን ተውሶ መጣ። እንሞክረው ብሎ ሶፋውን ገፋና ሳሎኑ መሃል ተከለው። ማሰሪያ ገመድ ሲጎድለው ሊገዛ ወጣ፤ አማትና ምራት ብቻቸውን ቀሩ።

አማቷ ጫማቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው ገቡ። "ነይ እንጂ፣ ስፋቱን እንየው።"

ልብስ ሰፊዋ ተከትላቸው ስትገባ እግሯ ዘንጉን መታውና ድንኳኑ እንዳለ ሁለቱም ላይ ወደቀ።

"እኔን ይድፋኝ! እማማ፣ ተጎዱ?"

ከጨርቁ ሥር አንድ ነገር ይንፈቀፈቃል። አማቷ እየሳቁ ነበር።

"ስንቱን አዋልጄ፣ ዛሬ ለራሴ መውጫ ይጥፋኝ!"

ያን ጊዜ እሷም ሳቋ አመለጣት። መውጣቱን ትተው እዚያው ምንጣፉ ላይ ተጋድመው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"ስሚማ፣" አሉ አማቷ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "እኔ እኮ ጫፍ ላይ መውጣት አልፈልግም። እኔ የምፈልገው ወንዙን ነው። በልጅነቴ በዋና ማን ይችለኝ ነበር!"

"ታዲያ ለምን አይነግሩትም?"

"እንደዚያ እየፈነጠዘ፣ እንዴት ብዬ?"

"እኔም ከፍታ እፈራለሁ። ሰገነት ላይ ልብስ ሳሰጣ እንኳን ግድግዳውን ይዤ ነው።"

"ውይ! ሁለታችንም ለሱ ብለን ልናልቅ ነበር በይኛ!"

በሩ ተከፈተ። ባሏ ገመዱን እንደያዘ ቆሞ የሚንቀጠቀጠውን የጨርቅ ክምር አየ።

"ምን ጉድ ነው? እማዬ፣ የት ናችሁ?"

"ወንዝ ዳር!" አሉ እናቱ ከሥር።

ነገሩን ሲነግሩት መጀመሪያ አኮረፈ፤ ቀጥሎ የሁለቱን የተንጨባረረ ፀጉር አይቶ እሱም ሳቀ። "እሺ፣ ጫፉስ?"

"አንተ ውጣው። እኛ ከታች ሆነን እጃችንን እናወዛውዝልሃለን" አሉ እናቱ።

በሳምንቱ ውስጥ ልብስ ሰፊዋ ደንበኞቿን ሸኝታ ለአማቷ እስከ ጉልበት የሚደርስ መዋኛ ሰፋች። ሲለኩት፣ "ወገቡን አስፊው፤ ምሳም እበላለሁ" አሉ።

ቅዳሜ ባሏ ከተራራው ላቡ ጠብ እያለ ሲወርድ፣ እናቱ ወንዙ መሃል በጀርባቸው ተንሳፍፈዋል። ሚስቱ እስከ ጉልበቷ ገብታ፣ "እማማ፣ በቃዎት፣ ይበርድዎታል!" ትላለች።

"ዝም ብለሽ ግቢ! እጅሽን ስጪኝ፣ አስተምርሻለሁ።"

አፍንጫዋን ያዘችና ገባች።