አንድ ኮከብ ከአምስተኛ ፎቅ

የሕንፃው ነዋሪዎች «እሜቴ ይቅርታ» ይሏታል። ሥራዋ ቢሮ ቁጭ ብሎ፣ ተከራዮች ስለ ሕንፃው ኢንተርኔት ላይ ለሚጽፉት ሮሮ ሁሉ መልስ መስጠት ነው። መልስ ይባል እንጂ መልስ አልነበረም። ለውሃ አንድ፣ ለጩኸት አንድ፣ ለሊፍት አንድ ቀድሞ የተዘጋጀ ጽሑፍ አለ፤ እሷ እየገለበጠች ትለጥፋለች። ሰው በቁሙ ቢቃጠል «ስለ ሙቀቱ ለሰጡን አስተያየት እናመሰግናለን» የሚል ቢሮ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቀነው።

«አንቺ፣ ይሄን ስትለጥፊ ነቅተሽ ነበር?»

አነበበችው። ከላይ ያለውን የጻፉት የአምስተኛ ፎቁ ጡረተኛ አናጺ ናቸው፦ «ሊፍቱ ከቆመ ከረመ። ባለቤቴ የልብ ሕመምተኛ ነበረች። ገበያ ውላ ስትመለስ ትንሽ ልረፍ ብላ ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ቤቱ ግን ጥሩ ነው፤ ውሃ አይጠፋም።» የሰጡት አንድ ኮከብ ነው። ከሥሩ የእሷ መልስ፦ «ውድ ነዋሪያችን፣ ስለ አስተያየትዎ ከልብ እናመሰግናለን። ሊፍቱ በጥገና ላይ ነው። እስከዚያው በደረጃ መጠቀም ለልብ ጤንነት እንደሚበጅ እናስታውሳለን።»

«ሊፍት» የሚለውን አይታ የሊፍቱን ለጥፋለች። የቀረውን ማን ያነባል?

«አሁኑኑ መልሴን ላጥፋው» አለች።

«ጥፋተኛ ነን ብለሽ ልትፈርሚ? ሰዉ ፎቶ አንስቶ እየተቀባበለው ነው። ሽማግሌው ራሳቸው የጻፉትን ካጠፉ የአንቺም አብሮ ይጠፋል፤ እኛም ተስማማን እንላለን። ባለንብረቱ ከሰዓት ይመጣል። እስከዚያ ካልጠፋ ዕቃሽን ሰብስቢ።»

«ምን ብዬ ላስጠፋቸው?»

«ቃል ግቢላቸዋ! ታች ያለውን ማሳያ ቤት እንሰጥዎታለን በያቸው።»

ከእህቷ ሳሎን ወጥታ የራሷን በር መዝጋት የቻለችው በዚህ ሥራ ነው። እንደገና ሶፋ ላይ ተኝታ የእህቷን ባል ሳል ከምትሰማ ደረጃውን መውጣት ይሻላታል። ወጣች።

አናጺው በሩን ከፍተው ስታለከልክ አዩዋት።

«እሜቴ ይቅርታ! በእግርሽ መጣሽ? ለልብሽ ይበጅሻል። ግቢ።»

«አባባ፣ በፈጠረዎት! ሳላነበው ነው የለጠፍኩት።»

«አውቄያለሁ። አንብበሽው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ ሰው ሰደበኝ እል ነበር።»

አንገቷን ደፋች፤ ግን የመጣችበትን አልረሳችም። «ታች ቤት እንሰጥዎታለን አባባ። ደረጃ የለው፣ ምን የለው። ያቺን ጽሑፍ ብቻ ያጥፏት።»

«የትኛው ቤት?»

«መግቢያው አጠገብ ያለው፣ ባዶው።»

«ባዶ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ማሳያው ቤት ሰው ኖሮበት አያውቅም። ማንም ያልተኛበት አልጋ ተነጥፎበታል፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ፍራፍሬ ተደርድሮበታል፤ አዲስ ተከራይ ሲመጣ ይጎበኛል፣ ለኢንተርኔቱ ፎቶ ይነሣል። የአናጺው ሚስት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቢሮ መጥተው «ታች ቤት ካለ ፈልጊልኝ ልጄ» ብለዋት ነበር። «ሁሉም ተይዟል እማማ» ያለቻቸው ራሷ ናት፤ ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ ሳትል።

«በቅርቡ ነው የተለቀቀው» አለች።

ሽማግሌው ዐይኗን ዐይኗን አዩዋት። ውሸቱን አውቀውታል። ግን ጉልበታቸውም አልቋል፤ ዳቦ ለመግዛት መውረድ እንኳ ፈተና ሆኖባቸዋል። ስልካቸውን አቀበሏት።

«አንቺው አጥፊው። እኔ መጻፉን እንጂ ማጥፋቱን አልችልበትም።»

አጠፋችው።

ሥራ አስኪያጁ ሲሰማ እጁን አፋተገ።

«ቁልፉን ይስጡኝ፤ ዕቃቸውን እያወረዱ ነው» አለችው።

«ቃል ግቢ አልኩሽ እንጂ ስጪ አልኩሽ? ማሳያውን ሰጥተን ምን ልናሳይ ነው፣ የሳቸውን ኩሽና?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ወጥታ እውነቱን መንገር ትችል ነበር። እግር አላት፣ አፍ አላት። እሷ ግን ሻይ አዘዘች። ክፉ ሰው ቢሆን ይፈሩታል፣ ይሸሹታል፤ እንዲህ ያለውን ለደሞዙ ሲል የተኛ ሰው ምን ያደርጉታል?

ከሰዓት ባለንብረቱ ሲመጣ ሽማግሌው ማሳያው ቤት በር ላይ ነበሩ። በገዛ እጃቸው የሠሩት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ እግራቸው ሥር በአንሶላ የታሰረ ጓዝ አለ።

«እኚህ ሰው ማን ናቸው?» አለ ባለንብረቱ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ እሷ ዞረ።

«ነዋሪያችን ናቸው» አለች። «ትንሽ ቅሬታ ነበራቸው፤ ተስማምተን ራሳቸው አጥፍተውታል።»

«ይባረኩ አባባ» ብሎ ባለንብረቱ እጁን ዘረጋላቸው።

ሽማግሌው ተነሥተው ጨበጡት። «ቁልፉን እየጠበቅሁ ነው» አሉ።

«የምን ቁልፍ?»

ሁሉም እሷን አዩ። እሷም ቀረብ ብላ የሽማግሌውን ክንድ ያዘች፤ ድምፅዋን እንደ ማር አለዘበችው።

«ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ነገር ይምታታባቸዋል። አባባ፣ የእርስዎ ቤት እኮ ላይ ነው፤ አምስተኛ ፎቅ።»

የባለንብረቱ ፊት በሐዘኔታ ተሞልቶ ነበር፤ ሽማግሌው እንዲህ ለሚያዝንላቸው ሰው ምን ብለው እንደሚያስረዱ ጠፋቸው። ክንዳቸውን ከእጇ አስለቀቁ፣ ወንበሩን ትከሻቸው ላይ አደረጉ፣ ጓዙን እየጎተቱ ወደ ደረጃው ሄዱ።

«ምስኪን» አለ ባለንብረቱ። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዘንበል ብሎ፣ «ልጅቷ የሰው አያያዝ ታውቅበታለች» አለው።

እሷም ከሁለቱ አለቆቿ ፊት ፊት ሄዳ የማሳያውን ቤት በር ከፈተችላቸው።