ሰማያዊው ሽቦ

ልብስ ሰፊውን የሰፈሩ ሰው «ሁሉ በእጄ» ይለው ነበር። የበሩን ማጠፊያ፣ የጣሪያውን ቀዳዳ፣ የወንበሩን እግር ራሱ ይጠግናል፤ ባለሙያ መጥራት ለእርሱ እጅ ከመስጠት አይለይም። ሚስቱ ግን እርሱ በጠገነው ወንበር ላይ እንግዳ አታስቀምጥም። ይህን በሰው ፊት ስታነሣበት አብሮ ይስቃል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ያንገበግበዋል።

ከወራት በፊት በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንፋሎት የሚያወጣ ፋን ገጠመ። ሲያበሩት ዞረ፤ ሲያጠፉት ቆመ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችውና ምንም ሳትናገር ወጣች። ዝምታዋን እንደ ምስጋና ቆጠረው።

ዛሬ ረፋዱ ላይ አንድ ወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሥራ ሱሪውን ሊያስጠግን ወደ ሱቁ መጣ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን እየነዳ ስለ ፋኑ ጉራውን ቸረቸረ።

«እንግዲህ እኛ ሥራ ፈታን በሉኛ፣ ጋሼ» አለ ወጣቱ እየሳቀ። ከዚያም በማብሪያ ማጥፊያው በኩል ያሳለፉት የትኛውን ሽቦ ነው ሲል ጠየቀ።

ልብስ ሰፊው ኮራ ብሎ አስረዳ። ቀዩ ሽቦ ይገድላል ሲባል ሰምቷልና ቀዩን ሳይነካካ እንዳለ ወደ ፋኑ ሰደደው፤ ቆርጦ ከማጥፊያው ጋር ያገናኘው ሰማያዊውን፣ የማይጎዳውን ነው። ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ከወዴት ይመጣል?

ወጣቱ ሳቁን አቆመ።

«ጋሼ፣ ሕጉ ተቃራኒው ነው። ማጥፊያው መቁረጥ ያለበት ኃይል የሚያመጣውን፣ ቀዩን ነው። እርስዎ ያሰሩት እንደዚያ ከሆነ፣ ፋኑ ቆሞም ኃይሉ እዚያው ውስጡ ነው። ክዳኑን ከፍቶ የነካው ሰው...» አልጨረሰውም።

የመኪናው መርፌ በጨርቁ መሃል ቆመ። ጧት ከቤት ሲወጣ ሚስቱ ፋኑ አቧራ ስለያዘ ዛሬ ክዳኑን ፈትታ በእርጥብ ጨርቅ እንደምትወለውለው ነግራው ነበር። እርሱም ዞር እንኳ ሳይል፣ ማጥፊያውን ካጠፋሽ ምንም አያደርግሽም ብሏት ወጥቷል።

ደወለላት። ስልኩ ጠራ፣ አልተነሣም። ደግሞ ደወለ። ሱቁን ለወጣቱ ትቶ፣ የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገቱ እንደተንጠለጠለ ወጣ።

ከሮጠ ዘመን አልፎታል። ጸጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ ሆኖ ምን እንደ ገጠመው ጠየቀው፤ ሳይቆም አለፈው። በዓይኑ የሚመላለስበት እርጥቡ ጨርቅ ብቻ ነው። ከክዳኑ ሥር የሽቦዎቹን መጋጠሚያ በፕላስተር ብቻ እንደ ጠቀለለው፣ ያም ፕላስተር በእንፋሎቱ ሊላቀቅ እንደሚችል አሁን ገና አሰበ።

በሩን ሲከፍት ቤቱ ጭር ብሏል። ሌላ ጊዜ የሚያጉረመርመው ማቀዝቀዣ እንኳ ድምፁ የለም። ኃይሉ የጠፋው ሰው መትቶ ነው ብሎ አሰበ፤ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሮጠ።

ሚስቱን እዚያው በርጩማ ላይ ቆማ፣ ክዳኑን በብብቷ ይዛ አገኛት።

«ምነው? ሰው አባረረህ እንዴ?»

«ውረጂ። እንዳትነኪው።»

«ነክቼ ጨረስኩ እኮ።» ፊቱን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከቆጣሪው ነው ያጠፋሁት። ያንተን ማጥፊያ አምኜ እጄን እንዳስገባ ነው?»

ሌላ ቀን ይህን ቢሰማ ኖሮ እስከ ማታ ያኮርፍ ነበር። አሁን ግን ከበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠና ወጣቱ የነገረውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ነገራት። ፈገግታዋ ከፊቷ ጠፋ። እርጥብ እጇን አየች፤ ወደ ቀዩ ሽቦ ቀና አለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወረደች።

«የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ልጅ እጠራዋለሁ» አለ እርሱ።

ወደ ሱቁ ስልክ ደወለለትና፣ ራሱ የጠገነውን ወንበር ጎትቶ ከቆጣሪው ሥር አኖረው። ማንም እንዳያበራ፣ ሜትሩ ከአንገቱ እንደተንጠለጠለ፣ ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ በሚወላገደው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀ።