የተፋቀው ማበጠሪያ

የአባታችሁን ፊት በሞረድ ፍቆ «አጸዳሁላችሁ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ እናንተ ምን ትሉታላችሁ? እኔ ምንም አላልኩም። አሁን ግን እላለሁ።

አባቴ የማዕድን ቆፋሪ ነበር። ቆፋሪዎቹ ወደ ጉድጓዱ ሲወርዱ የናስ ባጃቸውን በሩ አጠገብ ባለ ሰሌዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ ሲወጡ ያነሳሉ። ሰሌዳው ላይ የቀረ ባጅ፣ ከታች የቀረ ሰው ነው። ባጆቹ ቁጥር የላቸውም፤ ከፊት ሁሉም ላይ ያው መብራትና ያው መዶሻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ከጀርባው በምስማር የራሱን ምልክት ይጭራል። አባቴ የጫረው ማበጠሪያ ነበር። ጥርሱን ሳይጨርስ ምስማሩ ተሰበረበት። መላጣ ስለነበር ጓደኞቹ በሳቅ ሞቱ፤ እሱ ግን «የኔ መቼ ሆነና፣ የሚስቴ ነው» አላቸው። ከዚያ በኋላ ስሙ ማበጠሪያ ሆኖ ቀረ። ደረቱ ላይ አድርጎት ሲመጣ እናቴ የባጁን ጀርባ በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ታሾፍበት ነበር።

ጉድጓዱ የተደረመሰ ዕለት ባጁ ሰሌዳው ላይ ቀረ። አስከሬን አልወጣም። ድርጅቱ ባጆቹን በሳጥን ቆልፎ አስቀመጠ፤ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለምን ኖረች። ዘንድሮ፣ ለአደጋው መታሰቢያ በዓል፣ «እንመልሳለን» አሉ።

እኔ አሮጌ ባጅ እሰበስባለሁ። ናስ እንዴት እንደሚጸዳ አውቃለሁ፦ ለስላሳ ብሩሽ፣ የተጣራ ውሃ፣ በጨርቅ ማድረቅ፣ ከዚያ ስስ ሰም። ሎሚ የለም፣ አመድ የለም፣ ማሽን የለም። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፤ ናሱ በዘመን ብዛት ያወጣው ቆዳ ነው። ይህንን ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ቢሮው ድረስ ሄጄ ነገርኩት፤ «በነጻ ልሥራላችሁ» አልኩት። «አይጨነቁ፣ ባለሙያ አለን» ብሎ እስከ በር ሸኘኝ።

አዳራሹ ውስጥ ባጆቹ በቀይ ጨርቅ ላይ ተደርድረው ያብለጨልጫሉ። የእናቴ ዓይን ደክሟል። አንዱን አንስታ ገለበጠችና በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። አስቀመጠችው። ሌላ አነሳች። እንዲህ እያለች እስከ ጠረጴዛው መጨረሻ ሄደች።

«ልሙጥ ነው» አለች።

ኃላፊው ፈገግ ብሎ መጣ። «እማማ፣ አዲስ አስመሰልንልዎት እኮ!»

«አዲስማ ሱቅ ሞልቷል፣ ልጄ። የኔ የቱ ነው?»

«ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ደስ ያለዎትን ይውሰዱ።»

አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ ከኋላ ጮኸ፦ «አንተ ሰውዬ! ደስ ያላትንማ አንዴ ወስዳ ነበር! እሱን ነው የምትጠይቅህ!»

ኃላፊው ወደ ድምጽ ማጉያው ተመልሶ «የተከበራችሁ ቤተሰቦች» ማለቱን ቀጠለ። እናቴ አንድም ሳታነሳ ወጣች።

ቤት ስንገባ ጠረጴዛዬ እንዳዘጋጀሁት ነበር፤ ብሩሹ፣ ጨርቁ፣ ክዳኑ የተከፈተ የሰም ቆርቆሮ። ቁጣ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። እንባም አልመጣም። እጄን አየሁት፤ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ።

«ሰሙን ክደነው፣ ይደርቃል» አለችኝ እናቴ።

ከደንኩት።

እናንተ የድርጅቱ ሰዎች፣ «የፋቀው ማሽኑ ነው» እንዳትሉኝ። ማሽን በራሱ አይነሳም። እነዚያን ጭረቶች አይቶ «ይፋቁ» ያለ ሰው አለ። መልሱን በደብዳቤ አልፈልግም፤ ቢሮ ውስጥ በሹክሹክታም አልፈልግም። እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው ድምጽ ማጉያ ፊት ቆማችሁ፣ እናቴና የሌሎቹም ቤተሰቦች እየሰሙ መልሱ፦ ይፋቁ ያለው ማን ነው?